ሰማዩ አጠረ፣ ምድሩ ቀረ

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ደጋ ከተማ ናት። ከዚያ የሚታጠፈው መንገድ ሰከላ ውስጥ ካለው ግሽ ዓባይ ያደርሳል። ጥንት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ይህን አገር የሚፈልገው በዚያ በዓባይ ምንጭ የተነሣ ነበር። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ምንጩን አየ። ከ150 ዓመታት በኋላ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ተከተለ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769፣ በመስከረም ወር ምጽዋ ላይ ከመርከብ ወረደ። ግሽ ዓባይ የደረሰው ግን በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። ከዓመት በላይ ፈጀበት ማለት ነው። እርግጥ ጊዜው ሁሉ በመንገድ አላለቀም፤ ጎንደር ተቀምጧል፣ አንዴም ወደ ምንጩ ጉዞ ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ከመንገድ ተመልሷል። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ጉዞ እንዲህ ነበር፤ ደጅ መጥናቱ፣ ጦርነት እስኪያልፍ መጠበቁና ወንዝ እስኪጎድል መቀመጡ ሁሉ የመንገዱ ክፍል ነው።

ለዚህ አገር ሕዝብ፣ ለሰባት ቤት አገው፣ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም ነበር። የገበያ መንገድ፣ የግማሽ ቀን መንገድ፣ አድሮ የሚገባ መንገድ ይባላል፤ መለኪያውም ፈረስ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው፣ ፈረሱ ለዚህ ሕዝብ ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ ይገባዋል። በፈረስ ግን ከአገው ምድር ሸዋ ለመድረስ ሌላ ጣጣ ነበር። ዓባይ ጎጃምን ከሦስት አቅጣጫ ከቦ ይይዛል። በበጋ ውሃው ሲጎድል በመልካው ይሻገሩት ነበር፤ በክረምት ግን ጎጃም ለወራት ከደቡብ ጎረቤቶቿ ትቆረጥ ነበር። ለጎጃም ሰው የአዲስ አበባን ርቀት የሚወስነው መንገዱ ሳይሆን ወሩ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን አገር በእግርና በበቅሎ ከለኩት የውጭ ሰዎች ሁሉ የላቀው ሜጀር ቺዝማን ነው። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ ተቀምጦ፣ ካርታ ላይ ባዶ የነበረውን የዓባይን ሸለቆ በበቅሎ ጭነት እየተከተለ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያደረገ ነደፈው። የጻፈውም መጽሐፍ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ለሚያጠና ሁሉ እስከ ዛሬ ምንጭ ነው። እሱ በበቅሎ ዳገት ቁልቁለት ሲል ግን አዲስ አበባ ላይ ሌላ መለኪያ መጥቶ ነበር።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የምትባል አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አሳረፈ። ንጉሥ ተፈሪ ያስገዟት ይህች አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ያረፈች የመጀመሪያዋ ናት። በዚያን ጊዜ የጅቡቲ ባቡር ሌሊት ሌሊት ስለሚቆም፣ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ማዬ በሰዓታት ጨረሰው። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪ ሆነው ወጡ። አገሪቱ ግን አውሮፕላንን ቀድማ የሠራችበት ለጉዞ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቼም ላይ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወጉ አውሮፕላን በራሪ ወረቀትና ቦምብ ጥሏል። ብዙ የአገራችን ገበሬ ይህን ፍጥረት መጀመሪያ ያወቀው ከላዩ ሲወርድበት ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ሲመጣም ይኸው ተደገመ።

በሰማይና በምድር መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ፈጥጦ የታየው ግን በንጉሠ ነገሥቱ ከስደት መመለሻ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው፣ ውሃ ላይ በምታርፍ አውሮፕላን ሜዲትራኒያንን አቋርጠው በሁለት ቀን እስክንድርያ ገቡ። ከዚያ ካርቱም ደርሰው ለወራት ተቀመጡ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ ድንበሩ መጥተው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። ሰማዩ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው የጭነት መኪና፣ ግመል፣ በቅሎና እግር ነው። በቆላው አድርገው በላያ ደረሱ፤ ከዚያ ገደሉን ወጥተው ወደ እንጅባራ ደጋ ብቅ አሉ። ለዘመቻው ስንቅና ጥይት የጫኑት ግመሎች ከሱዳን ሲነሡ ወደ 15 ሺህ ይጠጉ ነበር፤ የደጋው ብርድና ድንጋይ አብዛኞቹን ጨረሳቸው። ኮሎኔል ዊንጌት የመራው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ሲገፉ፣ እንጅባራ የነበረው የጣሊያን ጦር ወደ ቡሬ አፈገፈገ። ዛሬ ጥሊሊን አቋርጦ የሚያልፈው መሥመር ያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ከኦሜድላ እስከ ቤተ መንግሥታቸው 105 ቀን ፈጀባቸው። ከእንግሊዝ ግብጽ ሁለት ቀን፣ ከሱዳን ድንበር አዲስ አበባ 105 ቀን፤ ጦርነቱ መኖሩ አይካድም፣ የጎጃም ምድር መኖሩም እንዲሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ከዚያ ከአራት ዓመት ከምናምን በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ያቋቋመው መንግሥት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ አብራሪውንም መካኒኩንም ከዚያ አገኘ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ 47ቶች ነበሩ። መንገደኛው የሚቀመጠው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ሲሆን፣ ዕቃው መሐል ላይ ይደረደራል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሥመራን ረግጦ ካይሮ ሄደ። በረራው በሳምንት አንዴ ነበር። የሲ 47 ፍጥነት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ዛሬ ሲታይ አዝጋሚ ነው፣ ያኔ ግን የካይሮ መንገድ ከደብረ ማርቆስ መንገድ አጠረ።

በየክፍለ ሀገሩ የሣር ሜዳ እየተደለደለ ዲሲ 3 ማረፍ የጀመረው ቀጥሎ ነው። ከብት ተነድቶ ሜዳው ከተጸዳ በኋላ አውሮፕላኑ ይወርዳል። ክረምት በጭቃ የሚቆረጡ አውራጃዎች በዚህ ከዋና ከተማው ጋር ተገናኙ። በምድርም ቢሆን፣ በጦርነቱ ፈርሶ የነበረው የሸፋርታክ የዓባይ ድልድይ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተሠርቶ፣ ጎጃም በክረምት መቆረጧ ቀስ በቀስ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሰማዩ መንገድ በፍጥነት ማጠር ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን አዛዥ ሆነው አበረሩ፤ እስከዚያ ድረስ መሪው በአሜሪካውያን እጅ ነበር። በሰኔ 1950 ዓ.ም. ዲሲ 6ቢ አውሮፕላን አቴንስን ረግጦ ፍራንክፈርት ገባ። የጄት ዘመን ሲመጣ ግን የልደታው ማረፊያ፣ ዛሬም ሰፈሩ ኦልድ ኤርፖርት የሚባልበት ሜዳ፣ አልበቃ አለ። ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው፤ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሁለት ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ገቡበት። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ መሪዎች ድርጅታቸውን ለመመሥረት ሲመጡ የተቀበላቸው ይኸው አዲስ ማረፊያ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲተያይ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ይጎድለዋል፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ሮጦ ከፍ ያለ ፍጥነት ማግኘት አለበት፤ ሜዳው ካላዳረሰው ደግሞ ወይ ነዳጅ ወይ ጭነት ወይ ሰው ይቀነሳል። ይህ ከቦሌ ጋር አብሮ የተወለደ ጠባይ ነው፤ ወደ ኋላ የአሜሪካን መንገድ እንዴት እንዳረዘመው እናያለን።

በ1965 ዓ.ም. ወደ ቻይና መብረር ተጀመረ። በ1966 አብዮቱ መጣ፤ ደርግ ከምሥራቁ ጎራ ጋር ቢቆምም አየር መንገዱ ቦይንግ መግዛቱን አልተወም። ይህ የዚያ ዘመን እንቆቅልሽ ነው፤ ታንኩ ከሞስኮ፣ ጄቱ ከሲያትል። በካፒቴን መሐመድ አሕመድ ሥራ አስፈጻሚነት ዘመን የታዘዘው ቦይንግ 767 ለርክክብ ሲመጣ የሆነው ነገር በዓለም የአቪዬሽን መዝገብ ገባ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን ዳለስ ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ደረሰ፦ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር ጄት እንዲህ ያለ ርቀት ሳያርፍ በሮ አያውቅም ነበር።

ቁጥሩን ጠጋ ብሎ ላየው ብዙ ይናገራል። ከዳለስ እስከ ቦሌ ያለው አጭሩ መሥመር 11,560 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ይህ መሥመር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲነደፍ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ አትላንቲክን ያቋርጣል። ሉል ላይ ክር ወጥሮ ያየ ተማሪ ምክንያቱን ወዲያው ይረዳዋል። የርክክቡ በረራ ከአጭሩ መሥመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል በለጠ፤ አውሮፕላን ነፋስን፣ የየአገሩን ፈቃድና አማራጭ ማረፊያን እያየ ስለሚሄድ የተበረረው ርቀት ከተለካው ይረዝማል። ደግሞም ያኔ መንገደኛ የጫነ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ከማረፊያ ከአንድ ሰዓት በረራ በላይ እንዳይርቅ የአሜሪካ ደንብ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ደንቡ ላላ ሲል ቀድሞ የተጠቀመበት የኢትዮጵያን አየር መንገድ ያዋለደው ያው ቲ.ደብሊው.ኤ. ነው።

የርክክቡ በረራ ዓመት ግን ምን ዓመት እንደነበር አንርሳ። 1976 ዝናብ የጠፋበት ነው፤ በ1977 ረሃቡ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ፣ እህሉ ወደብ ደርሶ ደጋ የሚያወጣው መንገድ ጠፋ፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህሉን በጆንያ በጆንያው ከሰማይ ይጥሉ ጀመር። ውቅያኖስን ሳያርፍ የተሻገረ አውሮፕላን ባለቤት የሆነች አገር፣ አንድ ኩንታል ስንዴ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ማሻገር አቃታት።

ለጎጃም የጄቱ ዘመን ሐዘንም ይዞ መጥቷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የሚሄድ ቦይንግ 737 ገና ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ከዱዋቸውና ሜዳ ላይ በደረቱ ወረደ። አውሮፕላኑ ገና አዲስ ነበር። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። በአገራችን ከወፍ ጋር በመጋጨት የደረሰ እንዲህ ያለ አደጋ ሌላ አይነሣም፤ በዓለምም ጥቂት ነው።

በ1990 ዓ.ም. አየር መንገዱ አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ አሜሪካ መደበኛ በረራ ጀመረ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ድሪምላይነር ቦይንግ 787 መጣ፤ ከጃፓን አየር መንገዶች ቀጥሎ ይህን አውሮፕላን በመረከብ ኢትዮጵያ ቀዳሚ ሆነች። ዛሬ ረፋድ ላይ ከዳለስ የተሳፈረ ሰው 13 ሰዓት ግድም በርሮ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ይወርዳል። ከአርባ ዓመት በፊት ከነበረው ክብረ ወሰን ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የደቂቃ ነው። ለውጡ ያኔ ለመዝገብ የተበረረው ዛሬ የአዘቦት ጉዞ መሆኑ ነው።

ሲሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያው አውሮፕላን፣ ያው መንገድ፣ ከቦሌ ወደ ዳለስ ሲሆን 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይም ያርፋል። አንዴ ሮም፣ በኋላ ደብሊን፣ ሌላ ጊዜ ሎሜ። ብዙ መንገደኛ ይህን የንግድ ጉዳይ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ከላይ ያነሣነው የቦሌ ከፍታ ነው፤ ዳለስ ከባሕር በላይ መቶ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰው ጭኖ ይነሣል። ቦሌ ላይ ይህ አይቻልም፤ ነዳጁ ተቀንሶ ተነሥቶ ዝቅ ካለ አገር ላይ ይሞላል። ነፋሱም አለ፤ በከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ወደ አገር ቤት የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይጋፋል።

አሁን ወደ ጥሊሊ እንመለስ። ከቦሌ ባሕር ዳር በቀጥታ 330 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ማረፊያው ዛሬ የጎጃሙን አርበኛ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም ይዟል። ጥሊሊ ራሷ ከቦሌ በቀጥታ ብትለካ 300 ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ ለአዲስ አበባ ከባሕር ዳር ይልቅ እሷ ትቀርባለች። መንገደኛው ግን ጥሊሊን ወደ ኋላ ትቶ ባሕር ዳር ይወርድና፣ በምድር መራዊን፣ ዳንግላንና እንጅባራን አልፎ ወደ ደቡብ ይመለሳል። እስከ እንጅባራ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ከአዲስ አበባ ልምጣ ካለ ደግሞ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው።

ይህም ሰላም ሲኖር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት የጎጃም መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ በግጭቱ መጀመሪያ ሰሞን የባሕር ዳር በረራም ተቋርጦ ነበር። በረራው ሲመለስ መንገዱ ያልተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። የጥሊሊ ድንች ነጋዴ፣ ሐኪም ቤት የተላከ በሽተኛ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ ርቀታቸውን የሚለኩት እንደገና በወሩና በወሬው ሆኗል፤ ቅድመ አያቶቻቸው ዓባይ እስኪጎድል እንደጠበቁት።

በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ያ ሲያልቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን ዛሬ ከሚችለው የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሣት ይችላል፤ የአሜሪካው መንገድ ሊያጥር ይችላል። የጥሊሊው ግን በዚህ አያጥርም። ከዳለስ ተነሥታችሁ አገው ምድር የምትመጡ ወገኖች የ13 ሰዓቱን በረራ አትጨነቁበት። የባሕር ዳሩን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ጥሊሊ ወይም እንጅባራ ላለ ዘመድ ደውሉ፣ መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን ጠይቁ፣ ሳይመሽ ለመግባት የሚያበቃችሁን የጠዋት በረራ ምረጡ።